አንድ ዱላ ይበቃታል

የቡራዩ ከታ ሰው ሳህሉን ባያውቀው እንኳ ተኝቶበታል። የሰፈሩን አልጋ እግር የሚያወጣው እሱ ነዋ! ከአምቦ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ብሎኬት ማምረቻውን አልፎ ባለው እንጨት ቤት፣ ቶርኖ በሚሉት የእንጨት ማሽከርከሪያ ማሽን ላይ ከቆመ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። የአልጋ እግር፣ የበርጩማ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ብቻ ተሽከርክሮ ክብ የሚወጣ እንጨት ሁሉ በእጁ ያልፋል። ከሥራ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ይለብሳል። ጎረቤቶቹ «ኦቦ ሳህሉ፣ ዛሬም ወፍጮ ቤት ዋሉ እንዴ?» ይሉታል። ቀልዱን ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ እሱ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃል።

ደግ ሰው ነው። ሥራውም የታመነ ነው። የእንጨት ቤቱ ባለቤት ዲኖ አዲስ አናጺ በቀጠረ ቁጥር «ሳህሉ ያወጣውን እግር ሳትለካ ግጠመው» ይላል። ግን ደረቅ ነው። አንድ ነገር ልክ ነው ብሎ ከያዘ ያዘ ነው፤ ብትበርም ፍየል ናት ከሚሉት ወገን ነው። ሚስቱ ፋናዬ ከእሱ ጋር ስትከራከር ቆይታ፣ ቆይታ፣ በመጨረሻ «እሺ በቃ፣ ፍየሏ ትብረር» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ይህ ደረቅነቱ በዱላ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ሳህሉ መንዝ ነው ያደገው። በእነሱ መንደር ጎረምሳ የገና ዱላውን ራሱ ይቆርጣል። ጥቅምት ሲገባ ገደል ወርዶ፣ ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ቆርጦ፣ ልጦ፣ በእሳት ለብለብ አድርጎ፣ ቅቤ አጠጥቶ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ ወዲያ ያንን ዱላ ወንድሙ እንኳ አያነሳውም። የሰው ዱላ ያነሳ እጁ ይዝላል፣ ዱላውን ያዋሰ ደግሞ ጨዋታው ይከዳዋል ይባላል። የሳህሉ አባት ይህን አሳጥረው «ዱላና ሚስት አያውሱም» ይሉት ነበር። ሳህሉ በአንድ ዱላ አምስት ገና ተጫውቷል። አምስቱንም ገና የእሱ ወገን ነው ያሸነፈው፤ ይህን በዓመት አንድ ጊዜ ካልተናገረ ይታመማል።

ከፋናዬ ጋር በተጋቡ በዘጠነኛው ዓመት አንዲት ልጅ ተወለደችላቸው። ዕድላዊት አሏት። ሌላ አልመጣም። ሳህሉ ይህችን ልጅ እንዴት እንደሚወዳት ለመናገር ቃል ይቸግራል፤ ስትተኛ ትንፋሿን የሚያዳምጥ ሰው ነበር። እሷም አባቷን ትወደዋለች። ደረቅነቱን ግን አልወረሰችም። እንደ እናቷ እሺ ባይ፣ ሰው ሲከፋው ማየት የማትችል ልጅ ሆነች።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤታቸው አዲስ ጨዋታ መጣ። አንድ ማኅበር ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤቶች መርጦ፣ ለሴት ልጆች ሶፍትቦል እናስተምራለን አለ። የስፖርት መምህሯ ሩቲ ለአንድ ወር ሠልጥና፣ ጓንትና ኳስ የሞላው ትልቅ ከረጢት ተሸክማ ተመለሰች። አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ትመታለች፣ መትታ ትሮጣለች። ሰፈሩ ስሙ ስላልያዘለት «ዱላ ኳስ» አለው።

ሳህሉ መጀመሪያ የሄደው ሊቆጣ ነበር። «ሴት ልጅ ዱላ ይዛ ምን ልትሆን ነው?» እያለ፣ የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። ሜዳው ላይ ልጁ ቆማለች። ኳሷ መጣች፣ ዕድላዊት ወገቧን አዙራ መታቻት፣ ኳሷ ከሰንደቅ ዓላማው በላይ አልፋ የመጸዳጃ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አረፈች። ሳህሉ የመጣበትን ነገር ረሳው። «የእኔ ናት! ያቺ የእኔ ናት!» አለ ለዘበኛው። ቤት ገብቶ ለፋናዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገራት፤ በሦስተኛው ኳሷ ከመጸዳጃ ቤቱም አልፋ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከነከነው። ከረጢቱ ውስጥ ስድስት የብረት ዱላዎች አሉ፤ አጭር፣ ረጅም፣ ቀላል፣ ከበድ ያለ። ልጆቹ ተራቸው ሲደርስ ያገኙትን መዝዘው ይገባሉ። ዕድላዊትም አንዴ ቀዩን፣ አንዴ ሰማያዊውን ታነሳለች። ሳህሉ በማግስቱ ለዲኖ «ልጄ የሰው ዱላ እየለቃቀመች ትጫወታለች» አለው። ልጁ ከሰው ቤት ትርፍራፊ ስትበላ ያገኛት ይመስል ነበር አነጋገሩ።

ዲኖ ከአንድ የፈረሰ አሮጌ ቤት የገዛው የወይራ ምሰሶ ነበረው። ስንት ዘመን ጣራ ተሸክሞ የደረቀ፣ መጋዝ የሚያስለቅስ እንጨት። ሳህሉ ለምኖ ወሰደው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓቱ፣ ዳቦውን በአንድ እጁ ይዞ ሠራበት። ቶርኖው ላይ አዙሮ፣ ጫፉን ወፈር፣ መያዣውን ቀጠን አድርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በጋለ ብረት «ዕድላዊት» ብሎ ጻፈበት። መጨረሻ ላይ ከቤት ቅቤ አውጥቶ መቀባት ሲጀምር ፋናዬ «የወጡን ቅቤ! ለእንጨት!» ብላ ጮኸች። «ወጥ ነገም ይሠራል» አላት።

ዕድላዊት ዱላውን ስትቀበል ጉንጯ ላይ አስጠግታ አሸተተችው። «አባዬ፣ ስሜን ጻፍክበት!» አለች። ያን ቀን እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ደግሞም መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠራ። የቡራዩ ወርዋሪዎች ገና ለማጆች ስለነበሩ ኳሷን በቀስታ ነው የሚያቀብሉት። ለቀስታ ኳስ ከባድ ዱላ መልካም ነው፤ ጊዜ ይሰጣል፣ ሲያገኝም ያርቃል። ዕድላዊት ስትመታ ኳስ ፍለጋ አጥር የሚዘሉት ልጆች ሰለቻቸው። «ባለወይራዋ» አሏት። የቅርብ ጓደኛዋ ጂቱ «አባባ ሳህሉ፣ ለእኔም ይሥሩልኝ» ስትለው ሳህሉ በኩራት «የአንቺን አባትሽ ይሥራልሽ» አላት። ለልጁም ደንብ አወጣላት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢ ውስጥ ቆማ ዱላውን ሃምሳ ጊዜ ትወዘውዛለች፣ እሱ ከሥራ ከደረሰ ቆጥሮ ያስጨርሳታል። ክንዷ እንዲለምድ ነው። ሃምሳ ሳይሞላ ራት የለም ይላል እየሳቀ። ቢስቅም ግን አርባ ዘጠኝ ላይ አያቆምም።

በሁለተኛው ዓመት መምህርት ሩቲ እንጨት ቤቱ ድረስ መጣች። ሳህሉ በርጩማ አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ዱላው ቆንጆ ነው፤ እውነቴን ነው። ግን ከሱሉልታ ጋር ልንገጥም ነው። እዚያ ራያ የምትባል ወርዋሪ አለች፤ ኳሷ ስትመጣ አትታይም። ለእሷ ቀለል ያለ ዱላ ያስፈልጋል። ከባዱ ለልምምድና ቀስ ብላ ለምትወረውር ይሁን። ልጆቹ ገና እያደጉ ናቸው፤ ክንዳቸው ሲቀየር ዱላቸውም መቀየር አለበት።»

«ዱላ የሚቀያይር እጁን አያውቀውም» አለ ሳህሉ።

«አንዳንድ አሠልጣኞችም እንደ እርስዎ ነው የሚሉት። ልጅ አንዱን ይዞ ይልመድ ይላሉ። እኔ ይህን አልቃወምም። ግን አንድ ብቻ ይሁን ከተባለ፣ የሚመጥናት አንዱ ይሁን።»

«የሚመጥናትን ነው የሠራሁላት። አንድ ዱላ ይበቃታል።»

ሩቲ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አየች። መሮዎቹ በየመጠናቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል፤ ዐሥራ አንድ ናቸው።

«እርስዎስ በአንድ መሮ ነው የሚሠሩት?»

ዲኖ ከወዲያ ማዶ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሳህሉ ጆሮው ቀላ። «መሮ ሌላ፣ ዱላ ሌላ» አለና ቶርኖውን አስነሳው። ቶርኖ ሲጮህ ሰው አይሰማማም፤ ሩቲ ትንሽ ቆማ ሄደች። ይህን ሰው ምን ይሉታል! መልስ ሲያጣ ሞተር የሚያስነሳ!

ፋናዬ ወሬው በዲኖ በኩል ደረሳት። «እስቲ ልጅቷን ራሷን ጠይቃት» አለችው። ጠየቃት። ግን እንዴት እንደጠየቃት ይታይ፤ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጨርቅ ቅቤ እየነከረ እያሸው፣ ስሟ የተጻፈበትን ቦታ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ።

«ዕድሌ፣ ይከብድሻል እንዴ?»

ልጅቷ ዱላውን አየች። አባቷን አየች።

«አይከብደኝም አባዬ።»

«አላልኩሽም?» አለ ወደ ፋናዬ ዞሮ። ልጅ እንዲህ ተጠይቆ ምን እንዲመልስ ይጠበቃል? ፋናዬ አንድ ነገር ልትል አስባ ተወችው። ቆይታ በራሷ የተናደደችው በዚህ ነው።

ሚያዝያ ላይ ትልቁ ወሬ መጣ። ከሦስቱ ከተሞች ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ዐሥራ አራት ልጆች ተመርጠው ናይሮቢ ሄደው ይጫወታሉ። ምርጫው ሱሉልታ ነው፤ ቅዳሜ። ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌሎች ከተሞች ያልፋል ተብሏል፤ ደግሞ ዕድላዊት መስከረም ላይ ዐሥራ አምስት ትሞላለች። ያ ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ቅዳሜ የለም። ልጅቷ የኬንያን ካርታ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ገልብጣ አልጋዋ አጠገብ ለጥፋለች። ከዚህ በፊት ምንም ነገር ስትለምን ያልሰሟት ልጅ፣ ማርያም ፊት ሻማ ልታበራ ሁለት ቀን ተመላለሰች።

ሐሙስ ዕለት አባቷን «አባዬ፣ ቅዳሜ ሥራ አለህ አይደል?» አለችው።

«አለኝ። ምን ችግር አለው፣ ዲኖን አስፈቅዳለሁ።»

«አትምጣ። እኛን የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ይወስደናል። ለአንተ ሩቅ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ብርድ ነው። ውጤቱን መጥቼ እነግርሃለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የመንዝ ሰው ብርድ እፈራለሁ?» ብሎ ሳቀ። ለእሱ ስታዝን ደስ አለው። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ሁለት ሚኒባስ ቀይሮ፣ ከኋላ ወንበር በሰው መሀል ተጣብቆ ደረሰ።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ነፋሱ ይጋረፋል። ወዲያ ማዶ ሯጮች በመስመር ያልፋሉ፣ ወዲህ ሦስት አሠልጣኞች ጠረጴዛ ላይ ወረቀታቸውን በድንጋይ ተጭነው ተቀምጠዋል። ሳህሉ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከጎኑ ኪዳነወልድ የሚባል የሰበታ ሰው አለ፤ እሱም ልጁን ሊያይ መጥቷል። ዕድላዊት ተራዋን ስትጠብቅ ቀና ስትል አባቷን አየችው። ቆም አለች። ሳህሉ ሁለት እጁን አውለበለበ። እሷም ቆይታ እጇን አነሳች።

እያንዳንዷ ልጅ ዐሥር ኳስ ይደርሳታል፤ አምስቱ ከከተማዋ ወርዋሪ፣ አምስቱ ከራያ። ዕድላዊት በመጀመሪያዎቹ አምስት ሦስቱን አገኘች፤ አንዷ ሩቅ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ቀና ቀና አሉ። ሳህሉ ኪዳነወልድን በክርኑ ጎሰመው። «ወይራ ነው! በእጄ ነው የሠራሁት!»

ከዚያ ራያ ገባች። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ናት። ክንዷን አንዴ ዙሪያውን ስታሽከረክረው ኳሷ ከመቼው ደርሳ ከተቀባይዋ ጓንት ውስጥ ጧ አለች። ዕድላዊት ዱላዋን ስትወዘውዝ ኳሷ ካለፈች ቆይታለች። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዱላው ዘግይቶ መጥቶ እሷኑ ሊጥላት ምንም አልቀረውም።

«በርቺ! አጥብቀሽ ያዢው!» ብሎ ጮኸ ሳህሉ።

ሩቲ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ልጅቷ ሮጠች። በእጇ ሰማያዊውን፣ ቀላሉን ዱላ ይዛለች። አንድ ነገር አለቻት። ዕድላዊት ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ሩቲ ደግማ ዘረጋችላት። ዕድላዊት ደግማ ራሷን ነቀነቀች።

«አየህ?» አለ ሳህሉ ለኪዳነወልድ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እምቢ አለቻት! የሰው ዱላ አልነካም አለች! የእኔ ልጅ!»

«ለምን አትቀይርም?» አለ ኪዳነወልድ። «የእኔዋ ሁለት አላት።»

«ያንተዋ እንግዲህ ያንተው ናት» አለና ሳህሉ ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ።

አራተኛው ኳስ አለፈ። አምስተኛው የዱላውን ጫፍ ነክቶ ከኋላ ወደቀ። ዕድላዊት የግራ እጇን አንጓ በቀኝ እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ስሞቹ የተነበቡት ከምሳ በኋላ ነው። ጂቱ ተጠራች። የኪዳነወልድ ልጅ ተጠራች። ራያማ የመጀመሪያዋ ነበረች። ዐሥራ አራተኛው ስም ተነብቦ ወረቀቱ ሲታጠፍ ሳህሉ «ቆይ፣ አላለቀም» አለ ጮክ ብሎ። ዞር ብለው አዩት። አልቋል። ጂቱ እየተፍለቀለቀች ወደ ዕድላዊት ሮጣ፣ አጠገቧ ስትደርስ ሳቋን የት ታድርገው! ሁለቱ ልጆች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አንዷ ለመሄዷ፣ አንዷ ለመቅረቷ።

ሳህሉ ልጁን ከአውቶቡሱ አስወርዶ ከራሱ ጋር በሚኒባስ ወሰዳት። መንገዱን ሙሉ ተናገረ። ነፋሱ ነው አለ። ራያ ዕድሜዋ ተደብቋል አለ። አሠልጣኞቹ የየራሳቸውን ሰው ነው የመረጡት አለ። ዕድላዊት መስኮቱን ተደግፋ ዝም ብላ ሰማችው። አዲሱ ገበያ ሊደርሱ ሲሉ እጁን ያዘችው።

«ዱላው ጥሩ ነው አባዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያልቻልኩት።»

ልጁ እሱን ልታጽናና መሞከሯ አንጀቱን በላው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዕድላዊት ልምምድ ቀረች። ካርታውን ከግድግዳ አንስታ አጣጥፋ መጽሐፉ ውስጥ ከተተችው። ሳህሉ «ሃምሳውን እንጀምር፣ ክንድሽ እንዳይረሳ» ሲላት «ነገ አባዬ» ትላለች። አንድ እሑድ ፋናዬ ልጇን ፀጉር ስትታጠብ አገኘቻት፤ በአንድ እጇ ብቻ። ሌላውን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ፋናዬ እጅጌዋን ገልጣ ስታይ አንጓዋ አብጦ እንደ ሊጥ ሆኗል። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሟ ጨምቃ፣ አዙራ፣ ልጅቷ ከንፈሯን ስትነክስ አይታ፣ «ይህ የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም። ከባድ ነገር ደጋግማ ስታነሳ ወራት ያስቆጠረ ነው። ስድስት ሳምንት ምንም እንዳታነሳ» አለች።

ፋናዬ ባሏን እንጨት ቤት ድረስ ሄዳ ጠራችው። አልጮኸችም። የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ነገረችው። «ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ» አለችው በመጨረሻ። «አንተ ትቆጥራለህ፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ እሰማለሁ። ሁለታችንም አጠገቧ ነበርን።»

ሰው ጥፋቱ ሲገባው መጀመሪያ የሚያደርገው ሌላ ሰው መፈለግ ነው። ሳህሉም ቱታውን እንደለበሰ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሰ። መምህርት ሩቲ ኳሶቹን ስትለቅም አገኛት።

«አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ልጄ እጇን ስትታመም የት ነበርሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ሩቲ ኳሶቹን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረች። ወጣት ናት፤ ታላቅ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

«መጥቼ ነግሬዎት ነበር ጋሽ ሳህሉ። ቶርኖውን አስነሱብኝ።»

«ያኔ ስለ ሱሉልታ ነው የነገርሽኝ!»

«እጇን ያመማት ከዚያ በኋላ ነው። እናገራለሁ ስላት ለምና፣ አልቅሳ አስማለችኝ። አባቴ የሠራልኝ ነገር ጎዳኝ ከተባለ ይሞታል አለችኝ። መማል አልነበረብኝም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።» የከረጢቱን አፍ አሰረች። «እኔም መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እርስዎ በማይመጡበት ቀን ሁሉ በሰማያዊው ነበር የምትለማመደው። የወይራውን ከቤት ይዛ ትመጣለች፣ ግድግዳ ላይ ታስደግፈዋለች፣ ስትጨርስ ይዛው ትመለሳለች። ሱሉልታዎች ለወዳጅነት ጨዋታ ሲመጡም ራያን በሰማያዊው ገጥማታለች። ከአምስት አራት መታች። ጂቱ እንኳ ሁለት ነው የመታችው።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን…»

«እርስዎ አይመጡም ብላኝ ነበር። እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ ብላ ደስ ብሏት ነው አውቶቡስ የወጣችው። ሰማያዊውን ለእሷ ለብቻ አስቀምጬላት ነበር። ከዚያ አጥሩ ጋ ቆመው አየችዎት።» ሩቲ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። «ስሰጣት ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት ወይስ ይቅር?»

«ንገሪኝ።»

«‹አባቴ እያየ ነው፤ ሌላ ባነሳ ይከፋዋል› አለችኝ። ናይሮቢ ይቀርብሻል አልኳት። ‹አውቃለሁ› አለች።»

ሳህሉ ከትምህርት ቤቱ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ተማሪው እየተንጫጫ ይበተናል፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰላም ላሉት ሰዎች አልመለሰላቸውም። ባይሄድ ኖሮ ያ ቅዳሜ የልጁ ነበር። አትምጣ ብላው ነበር። በአፏ ነግራው ነበር። እሱ ግን ያኔ ስቆ አለፈው። ለልጁ የሚላትን መንገድ ላይ አዘጋጀ። ብዙ አይደለም፤ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ» የሚል ብቻ ነው። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል በእነሱ አገር አልሰማም፤ ግን ሊል ቆረጠ። እስከ ቤቱ ድረስ ቃሉ እንዳይጠፋው በልቡ እየደጋገመው ሄደ።

ዕድላዊት ደጃፉ ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ቀና ብላ ፊቱን ስታይ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ምነው?»

«መምህርትሽን አገኘኋት።»

ልጅቷ ፊቷ ነጣ። «ነገረችህ?»

«ነገረችኝ።»

ሳህሉ ያዘጋጀውን ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ዕድላዊት ግን ቀድማው ተነሥታ ቆመች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ይቅርታ አባዬ። ከጀርባህ በሌላ ዱላ መምታት አልነበረብኝም። ያንተን ጠልቼው እንዳይመስልህ። እጄን ሲያመኝ ብቻ ነው ያነሳሁት። እንዳትቀየመኝ።»

ሳህሉ አፉን ከፈተ። አንድም ቃል አልወጣውም። ዓይኑ ልጁ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እሷ ዝምታው ቁጣ መሰላት። በደህናው እጇ የቱታውን እጅጌ ያዘችና «ማርያምን አባዬ፣ ሁለተኛ አላደርገውም» አለችው።